ልጄ ማንበብ እምቢ አለኝ ለምትሉ፦ አርጩሜውን አስቀምጡና ይህን አንብቡ



ዛሬ የምጽፈው ስለ ጉንፋንም ስለ ስኳር በሽታም አይደለም። የሰርተፍኬት ሰሞን በደረሰ ቁጥር ከወላጆች ስለምሰማው አንድ አባባል ነው። «ዶክተር፣ ልጁ ጤነኛ ነው። ይበላል፣ ይጫወታል፣ ስልክ ከእኔ በላይ ያውቃል። ንባብ ሲባል ግን ሰነፍ ነው፤ ለጭንቅላት የሚሆን ነገር ይዘዙለት።»

በግልጽ እንነጋገር። ማንበብ ያቃተው ልጅ ሰነፍ አይደለም። ለጭንቅላት የሚሆን ሽሮፕም የለም። ይህን የምለው ልጆችን ለማሞላቀቅ አይደለም፤ «የፈረንጅ አስተዳደግ ነው» ብላችሁም እንዳታልፉት እለምናለሁ። የምለው አንጎል ማንበብን እንዴት እንደሚማር ዛሬ በደንብ ስለሚታወቅ ነው። የሚታወቀው ነገር ደግሞ ስለ አርጩሜ፣ ስለ መነጽር፣ ስለ ኤም አር አይና ስለ ፊደል አቆጣጠራችን የምናስበውን ብዙ ነገር ያፈርሳል።

ይህን ዕውቀት ካመጡልን ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ስታኒስላስ ደሃን ናቸው። በሒሳብ ጀምረው ወደ አንጎል ጥናት የዞሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በፓሪሱ ኮሌዥ ደ ፍራንስ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንጎል እንዴት እንደሚያነብ ለተራው አንባቢ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳትመዋል። በ2014 ደግሞ «የአንጎል ሽልማት» የተባለውን ትልቅ ሽልማት ከሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተካፍለዋል። የሚሉት ሁሉ ወንጌል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የፈረንሳይ ትምህርት ሚኒስቴር የሳይንስ ምክር ቤትን መምራት ሲጀምሩ፣ «የቤተ ሙከራ ሰው ክፍላችን ገብቶ ያዘናል» ብለው ያጉረመረሙ አስተማሪዎች ነበሩ። ለእኔ ግን ዋናው ሐሳባቸው ቤታችን ድረስ መግባት ያለበት ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሰው አንጎል ለመናገር ተሠርቷል፤ ለማንበብ ግን አልተሠራም። ልጅ መናገርን የሚማረው ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው፣ በዙሪያው የሚወራውን እየሰማ ነው። ጽሑፍ ግን ከተፈጠረ 5,000 ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው፤ ከተፈጠረም በኋላ አብዛኛው የሰው ልጅ ፊደል ሳያውቅ ኖሮ አልፏል። ስለዚህ አንጎል ውስጥ «ይህ ለንባብ ነው» ተብሎ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ክፍል የለም። ልጁ ማንበብ ሲማር አንጎሉ ለሌላ ሥራ የነበረውን ቦታ ለአዲሱ ሥራ ያውለዋል። አንዲት ክፍል የተከራዩ አዲስ ተጋቢዎች ያቺኑ ክፍል ሳሎንም መኝታም እንደሚያደርጓት ማለት ነው።

ቦታው በአንጎል ግራ በኩል፣ ከኋላና ከታች፣ ወደ ግራ ጆሮ ኋላ አቅጣጫ ይገኛል። ከንባብ በፊት ሥራው ፊቶችንና ዕቃዎችን መለየት ነበር። ሰውየው ፈረንሳይኛ ያንብብ፣ ዕብራይስጥ ያንብብ፣ ቻይንኛ ያንብብ፣ ቦታው በሚያስገርም ሁኔታ ከሞላ ጎደል ያው ነው። ፕሮፌሰር ደሃን «የአንጎል የፊደል ሣጥን» ይሉታል። በቋንቋቸው «ፊደል» እና «ደብዳቤ» አንድ ቃል ስለሆኑ የፖስታ ሣጥን ማለታቸውም ነው።

ይህ ቦታ መኖሩ የተጠረጠረው ኤም አር አይ ከመፈጠሩ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ፓሪስ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጣ ነጋዴ በድንገት አንዲት ቃል ማንበብ አቃተው። ይናገራል፣ ሰው ይለያል፣ ይጽፋልም፤ የገዛ እጁ የጻፈውን ግን ማንበብ አይችልም። ሐኪሙ ጁል ደዠሪን ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምረው ጉዳቱ በግራ በኩል ከኋላ መሆኑን በ1892 አሳተሙ። (እግረ መንገዴን ይህን ያዙልኝ፦ ሲያነብ የኖረ አዋቂ ሰው በድንገት ማንበብ ካቃተው፣ አፉ ካልተጣመመና እጁ ካልዛለ እንኳ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። «ዓይኔ ደክሞ ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል።)

እ.ኤ.አ. በ2010 ፕሮፌሰር ደሃንና ባልደረቦቻቸው በብራዚልና በፖርቱጋል 63 አዋቂዎችን በኤም አር አይ አዩ። 10ሩ ፊደል ያልቆጠሩ፣ 22ቱ ካደጉ በኋላ የተማሩ፣ 31ዱ በልጅነታቸው የተማሩ ነበሩ። ማንበብ በማያውቁት ሰዎች ላይ የፊደል ሣጥኑ ጽሑፍ ሲቀርብለት እምብዛም አይነቃም፤ ፊትና ዕቃ ሲያይ ግን ይሠራል። በሚያነቡት ላይ ያው ቦታ ጽሑፍ ሲያይ ቦግ ይላል። ከዚያም አልፎ፣ አንባቢዎቹ ንግግር ሲሰሙ እንኳ ድምፆችን የሚለየው የአንጎል ክፍል ካላነበቡት ይልቅ ይበልጥ ይነቃል። ፊደል ጆሮንም ይስላል ማለት ነው። ካደጉ በኋላ የተማሩትስ? የእነሱም አንጎል ተለውጦ ተገኘ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወይም እንዲህ የተማረች አያት ያለቻችሁ ልጆች፣ ያኔ የተሠራው ሥራ ትንሽ እንዳልነበረ ዕወቁት።

የልጆቹ ጥናት ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል። የፕሮፌሰሩ ባለቤት ጊስሌን ደሃን-ላምበርትዝ የሕፃናት ሐኪም ናቸው። እሳቸው ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 10 የ6 ዓመት ልጆችን አንደኛ ክፍል ሲገቡና ዓመቱን በሙሉ እየደጋገሙ አዩአቸው። ትምህርት ከጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ቀድሞ ያልነበረው ለጽሑፍ የሚነቃ ቦታ ብቅ አለ። በስዊዘርላንድ ደግሞ ገና ማንበብ ያልጀመሩ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ፊደልን ከድምፁ ጋር የሚያገናኝ ጨዋታ በ8 ሳምንት ውስጥ ለጥቂት ጥቂት ደቂቃ ተጫወቱ። ድምሩ 4 ሰዓት እንኳ አልሞላም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ውጤት በዚያችው ቦታ ላይ ለውጥ መታየቱን አሳየ።

ልብ በሉ። ያንን ለውጥ ያመጣው ቫይታሚን አይደለም። ቁጣም አይደለም። ዕድሜ ብቻውንም አይደለም። በእርጋታ፣ በትክክለኛው መንገድ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ የተሰጠ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል እንምጣ፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችሁ ልጆቻችሁን የምታስቆጥሩት በዚሁ ነው።

በአንድ በኩል ዕድለኞች ነን። የእንግሊዝኛ ፊደል አንዱን ድምፅ በአሥር መንገድ ይጽፋል፤ የእኛ ግን የተጻፈው ከሞላ ጎደል የሚነበበው ነው። በሌላ በኩል 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ቅርጽ አለ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። በ እና ቡ የሚለዩት በቀኝ ጎን መሃል ላይ በምትወጣ አንዲት ጭረት ነው። ጭረቷ ወደ እግሩ ስትወርድ ቢ ይሆናል፤ ተጠቅልላ ቀለበት ስትሆን ቤ ይሆናል። ለእኛ ይህ ግልጽ ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ አንጎል ግን እንግዳ ሕግ ነው። ኩባያ ጆሮው ወደ ግራ ቢዞር ወደ ቀኝ ቢዞር ኩባያ ነው፤ ላሟ ብትተኛ ብትቆም ላም ናት። አንጎል ይህን ልዩነት ችላ እንዲል ነው የተሠራው። ፕሮፌሰር ደሃን እንደሚያስረዱት ትንንሽ ልጆች ፊደልን አገላብጠው እንደ መስታወት ምስል የሚጽፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ የጤና ነው፤ በዚህ ብቻ ልጅ አይገረፍም፣ በሽተኛም አይባልም።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ወላጅና ከብዙ መዋዕለ ሕፃናት ጋር የምጣላው። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃን እስከ ፐ ድረስ በዜማ ያወርደዋል። እንግዳ ሲመጣ ጠርተን እናስወርደዋለን፤ ይጨበጨብለታል። መሃል ገብታችሁ «ይህቺ ማን ናት?» በሉት እስቲ። ከሀ ጀምሮ እያዜመ እየወረደ ይመጣል። ይህ ልጅ ዘፈን ያውቃል እንጂ ፊደል አያውቅም። ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ገጹን በቃሉ የሚያነበውም ያው ልጅ ነው፤ መጽሐፉን ገልብጣችሁ ብትይዙት «ማንበቡን» ይቀጥላል።

በአሜሪካ ብሩስ ማካንድሊስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ይህን ልዩነት አንጎል ላይ አሳይቷል። ለአዋቂዎች የፈጠራ ፊደል አስተማሩ። አንዳንዱን ቃል ፊደል በፊደል ከድምፁ ጋር እያገናኙ፣ ሌላውን ቃል ደግሞ እንዳለ እንደ ሥዕል በቃል እያስያዙ። ፊደል በፊደል የተማሩትን ቃል ሲያነቡ የሚነቃው የግራው፣ የንባቡ መንገድ ሆነ። እንደ ሥዕል የያዙትን ሲያዩ ግን ሥራው ወደ ቀኝ ሄደ። ሁለቱም «አነበብኩ» ያሰኛሉ፤ አዲስ ቃል የሚያስነብበው ግን አንዱ ብቻ ነው።

የሚገርመው ደግሞ የኔታ ይህን ያውቁት ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ነው የሚቆጥረው፤ ዓይኑ፣ እጁና አፉ አንድ ፊደል ላይ ይገናኛሉ። ሀ ሁን ሲጨርስ ደግሞ አቡጊዳ ይገባል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ዜማው ይበጠሳል፣ ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቃል፤ ፊደሉን በመልኩ የማያውቅ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። እኛ ምን አደረግን? የየኔታን አለንጋ ወረስን፤ ስንደዷቸውንና አቡጊዳቸውን ጣልን።

ስለ አለንጋው እንነጋገር እንግዲህ። «እኛስ በዱላ አይደል የተማርነው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አዎ፣ እናንተ ተምራችኋል። ግን ማንን ነው የምትቆጥሩት? ከአጠገባችሁ ተቀምጦ ተገርፎ፣ አሁንም አልገባው ብሎ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ጥሎ የሄደውን ልጅ ታስታውሱታላችሁ? «ደንቆሮ ነበር» ተብሎ ተረሳ። ዛሬ ተነሥቶ «እኔን ዱላ አላስተማረኝም» ሊላችሁ አይችልም፤ ይህን ጽሑፍም አያነበውም። የምንቆጥረው ያለፉትን ብቻ ከሆነ ዱላ ሁልጊዜ ያሸንፋል።

በሕክምና ዓይን ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ኩርኩም የሚጠብቅ ልጅ ትኩረቱ እጃችሁ ላይ ነው እንጂ ፊደሉ ላይ አይደለም። ፕሮፌሰር ደሃን ለመማር አራት ነገር ያስፈልጋል ይላሉ፦ ትኩረት፣ ልጁ ራሱ መሳተፉ፣ ስህተቱን ወዲያው ማወቁና እንቅልፍን ጨምሮ ዕውቀቱ የሚረጋበት ጊዜ። ስህተት እዚህ ውስጥ ዋና መሣሪያ ነው። ልጁ ቡን «ቢ» ሲል አንጎሉ ግምቱን አውጥቶ አሳያችሁ ማለት ነው፤ «ቡ ናት፣ ጭረቷ መሃል ናት፤ በል ድገማት» ስትሉት ያርማል። በጥፊ ስትመልሱለት የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ግምቱን አለማሳየት። ዝም ይላል። ዝም ሲል «ግትር» ትሉታላችሁ።

ሌላው ስህተት የደጎቹ ነው። «ተዉት፣ ሲያድግ ይተወዋል፤ አባቱም እንዲህ ነበር።» ዱላ ከሚያነሡት እነዚህን እወዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን እነሱም ልጁን ይጎዱታል። በአሜሪካ ቴክሳስ ኮኒ ጁል የተባሉ ተመራማሪ 54 ልጆችን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ውጤት ይታወቃል፤ አንደኛ ክፍልን በደካማ ንባብ የጨረሰ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይም ደካማ አንባቢ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ 88 በመቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚያነበው ልጅ በየቀኑ ያነባል፣ ይፈጥናል፣ ቃል ይጨምራል። ያቃተው ልጅ ይሸሻል፤ ክፍተቱ በየዓመቱ ይሰፋል። ከሦስተኛ ክፍል በኋላ ደግሞ ሒሳቡም ሳይንሱም በንባብ ነው የሚመጣው። «አባቱም እንዲህ ነበር» የምትሉት ነገር ደግሞ ለሐኪም ማጽናኛ ሳይሆን ምልክት ነው። ወደዚያ እመጣለሁ።

ገንዘባችሁን የሚበሉትን ነገሮች ቶሎ ልጥቀስ። ለንባብ ችግር የሚሆን ሽሮፕም እንክብልም የለም። ባለቀለም መነጽርና «የዓይን ስፖርት» ለንባብ ችግር መድኃኒት እንዳልሆኑ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞችና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ባወጡት መግለጫ ተናግረዋል። የዓይን ምርመራ ግን ይደረግለት፤ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ መነጽር ሊያስፈልገው ይችላል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኤም አር አይስ? እስካሁን ስለ አንጎል ምስል ሳወራ የቆየሁት እኔው ስለሆንኩ፣ ነገ ጠዋት «የአንጎሉ ፎቶ ይነሣልኝ» ብላችሁ እንዳትመጡ እዚሁ ላይ ልንገራችሁ። እነዚያ ጥናቶች የብዙ ሰዎችን ምስል በማነጻጸር የተገኙ ናቸው። የአንድ ልጅን ኤም አር አይ አይቶ «ይህ ልጅ ይህ የንባብ ችግር አለበት» ማለት የሚችል ሐኪም የለም። ልጁ የሚጥል በሽታ ምልክት፣ ብርቱ የራስ ምታት፣ ቀድሞ የሚችለውን ነገር ማጣት ወይም የእጅና የእግር መዛል ካልታየበት፣ ምስሉ ለንባቡ ምንም አይነግራችሁም። በዚያ ገንዘብ ስንት ተረት መጽሐፍ ይገዛል!

አሁን ወደ «አባቱም እንዲህ ነበር»። በቂ ትምህርት እየተሰጣቸው፣ ዓይናቸውም ጆሮአቸውም ደህና ሆኖ፣ ብልህም ሆነው፣ ማንበብ በጣም የሚከብዳቸው ልጆች አሉ። ዲስሌክሲያ ይባላል። እንደ መለኪያው ቢለያይም ከ100 ልጆች ከ5 እስከ 10 ያህሉ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል፤ በዘርም ይወርዳል። መነሻው በአብዛኛው ዓይን ላይ አይደለም፤ የንግግርን ድምፆች ነጣጥሎ ከፊደል ጋር ማገናኘት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት ጣሊያናዊ፣ ፈረንሳዊና እንግሊዛዊ ዲስሌክሲያ ያለባቸው አዋቂዎች በአንጎላቸው ላይ የታየው ድክመት ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ሲያነቡ ግን ጣሊያናውያኑ የሚሠሩት ስህተት አነስተኛ ነበር፤ ምክንያቱም የጣሊያንኛ አጻጻፍ እንደሚነገረው ነው። ይህ ለእኛ ማስጠንቀቂያ ነው። የእኛም አጻጻፍ እንደሚነበበው ስለሆነ፣ ልጁ ፊደሉን አይሳሳትም ይሆናል፤ ግን እየጎተተ፣ ላብ እያጠመቀው ነው የሚያነበው። መስመሩን ሲጨርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። «ትክክል አነበበ» ብላችሁ አትለፉት፤ ፍጥነቱንም ያነበበውን መረዳቱንም እዩ። በተለይ «አለ» ብሎ የተጻፈው «ተናገረ» ማለት ይሁን «ይገኛል» ማለት፣ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ ፊደላችን አይነግረውም። ማጥበቅና ማላላቱን ከሐሳቡ ነው የሚያገኘው። እየጎተተ የሚያነብ ልጅ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ግን ደግሞ ያላነበበ ሁሉ ዲስሌክሲያ አለበት አልልም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በበርካታ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሲሶው ሰነፍ ነው? ሲሶው የተወለደው ችግር ይዞ ነው? አይደለም። አብዛኞቹ እነዚያ ልጆች ያልተማሩ ናቸው፤ በተጨናነቀ ክፍል፣ መጽሐፍ በሌለበት፣ ከሰሌዳ እየገለበጡ የዋሉ ናቸው። መገልበጥ ማንበብ አይደለም። አስተማሪው ብቻውን ጥፋተኛ ነው እያልኩም አይደለም፤ ግን ስም ስናወጣ ለልጁ ብቻ ማውጣታችን ግፍ ነው።

ከተማ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ሌላ አባዜ አላችሁ፤ ልጁ በኬጂ በእንግሊዝኛ ካላነበበ እንቅልፍ አይወስዳችሁም። ልጅ ፊደልን የሚያገናኘው ከሚያውቀው ድምፅና ከሚያውቀው ቃል ጋር ነው። በሚናገርበት ቋንቋ ማንበብ አንዴ የገባው ልጅ ሁለተኛውን ሲጀምር ከባዶ አይነሣም። ውጭ አገር ላላችሁም እንዲሁ፦ «ልጁ ንባብ ወደ ኋላ ስለቀረ ቤት ውስጥ አማርኛ አቁሙ» ከተባላችሁ አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ዲስሌክሲያ አያመጣም። በአማርኛ ተረት እየሰማ የሚያድግ ልጅ የሚያተርፈው ቃልና ሐሳብ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? በቀን 15 ደቂቃ፤ ከዚያ አይለፍ፣ ግን አይዘለል። ደክሞት ሳይሆን ተጫውቶ፣ በልቶ። መጀመሪያ በጆሮ ብቻ፣ ደብተር ሳይከፈት፦ «ከረሜላ» ላይ «ከ» ብናወጣ ምን ይቀራል? «ቤት» ላይ የመጀመሪያዋን ድምፅ በ«ስ» ብንቀይራት ምን ይሆናል? ታክሲ ውስጥም ይቻላል፤ ልጆች ይወዱታል። ከዚያ ጥቂት ፊደል፣ በአንድ ቀን ሦስት ወይም አራት፣ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቆ፣ በጣቱ እየነካ። በእጁም ይጻፋቸው፤ ስልክ ላይ መንካት እጅ እንደሚጽፈው አይሆንም። በ፣ ቡ፣ ቢ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን፣ ሁሉም ላይ «ብ» እንዳለች ይስማ። በሚያውቃቸው ፊደላት ወዲያው ቃል ይሥራ፤ ስድስት ፊደል ያወቀ ልጅ 231ዱን እስኪጨርስ ቃል ማንበብ አይከለከልም። ሲሳሳት በተረጋጋ ድምፅ አርሙትና ይድገመው። ከዚያ እናንተ አንብቡለት፤ ማንበብ የማትችሉ ከሆነ ተረት ንገሩት፣ እሱም መልሶ ይንገራችሁ። በጊዜ ይተኛ፤ ቀን የተማረው ሌሊት ነው የሚረጋው። እስከ እኩለ ሌሊት ቁጭ አድርጋችሁ የምታስጠኑት ልጅ በአንድ እጃችሁ የሰጣችሁትን በሌላው ትወስዱበታላችሁ።

ይህን ሁለት ወይም ሦስት ወር በትዕግሥት ሠርታችሁ ለውጥ ካላያችሁ፣ ወይም አንደኛ ክፍልን ጨርሶ ፊደልና ድምፅ አሁንም ካልተገናኙለት፣ ወይም ዘግይቶ አፉን የፈታና በቤተሰቡ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ልጅ ከሆነ፣ ሳትቆዩ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዱት። ትምህርት ቤት መሄጃ ሰዓት ላይ ብቻ ሆዴን የሚል ልጅም እንዲሁ፤ ሆዱ የምር ሊያመው ይችላል፣ ምክንያቱ ግን ፍርሃት ሊሆን ይችላል።

እኛ የምናየው ይህን ነው፦ ጆሮው ይሰማል ወይ (ጆሮው እየመገለ ያደገ ልጅ ብዙ ድምፅ አምልጦታል)፣ ዓይኑ ያያል ወይ፣ ደም ማነስ አለበት ወይ፣ ሌሊት እያንኮራፋ አፉን ከፍቶ ነው ወይ የሚተኛው፣ በወሬ መሃል ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ ወይ። የመጨረሻው «ሐሳብ ይዞት ነው» ይባላል፤ አንዳንዴ ግን መድኃኒት ያለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ወደ ንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ወይም ልዩ ፍላጎት ትምህርት ወዳጠና አስተማሪ ይላካል።

ስትመጡ የዘንድሮውንም የአምናውንም የአማርኛ ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ ያልታረመው ገጽ ከታረመው ይበልጥ ይጠቅመናል። አስተማሪው ልጁ የቱ ጋ እንደሚቸገር በሁለት መስመር ይጻፍላችሁ፤ «ሰነፍ ነው» ብሎ ከጻፈ መልሱለትና «የትኛውን ፊደል? የትኛውን ቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከአባትና ከእናት ወገን በንባብ የተቸገረ ሰው ካለ ጠይቃችሁ ኑ፤ ስሙ አያስፈልገንም፣ መኖሩ ይበቃናል።